«ዋና አልችልም» በይው

ከኮምቦልቻ አንዲት እህት ጽፋልኛለች። ደብዳቤዋ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ማንነቷን የሚገልጸውንም አውጥቻለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? 31 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ አሜሪካ ከሄደ አራት ዓመት ሞላው። እዚህ ኮምቦልቻ ጋራዥ ነበር የሚሠራው። አሁን ቨርጂኒያ፣ ፖርትስመዝ በሚባል ከተማ ጀልባ የሚጠገንበት ቦታ ገብቶ የናፍጣ ሞተር ይሠራል። አልሐምዱሊላህ፣ የእኔም ቪዛ ወጥቶልኛል። በሰኔ መጨረሻ እሄዳለሁ።

አለቃው አንዲት የመዝናኛ ጀልባ አለችው። 11 ሜትር ትሆናለች። መኝታና ማብሰያ አላት። ባለቤቴ ሞተሯን ለወራት ሲሠራ ከርሞ አለቃው ‹ሚስትህ ስትመጣ አንድ ቀን ይዘሃት ውጣ› ብሎታል። የሚነዳው ራሱ ባለቤቴ ነው። ተምሮ ወረቀቱን ይዟል። ሁለታችን ብቻ ነን። በውሃ መንገድ ወርደን፣ ግሬት ብሪጅ የሚባል ቦታ ምሳ በልተን እንመለሳለን ይለኛል። በየቀኑ ፎቶ ይልክልኛል። ደስታው እንደ ልጅ ነው።

እኔ ግን ውሃ እፈራለሁ። ዋና አልችልም። ልጅ ሆኜ ቦርከና ሞልቶ የጎረቤታችንን ልጅ ሲወስደው በዓይኔ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ የጎርፍ ድምፅ ስሰማ ጉልበቴ ይከዳኛል። ይህን ለባለቤቴ ነግሬው አላውቅም። ፎቶ ሲልክ ‹ማሻአላህ› እያልኩ ልብ እልክለታለሁ። አማቴ ‹ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ ይቅርብሽ› ይሉኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያሉትን ጀልባዎች እያሳየችኝ ‹አንቺ በሻርፕሽ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?› ትለኛለች። የዚያን ቀን አሞኛል ልበል? ወይስ ችዬው ልሂድ? ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሽንት ቤት አለው?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። አራት ዓመት ቀላል አይደለም።

መልሴን ላስቀድም። አሞኛል አትበይ። ችለሽውም አትሂጂ። ዛሬ ማታ ደውዪለትና «ዋና አልችልም፣ ውሃ እፈራለሁ» በይው። የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገርሽ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርድ ነበር። ሲመለስ ቴምርና የባሕር ወሬ ይዞልን ይመጣል። እኔም በዚያ ወሬ ተስቤ መርከበኛ ሆንኩ። በመጀመሪያው ወር አንድ ወደብ ላይ መርከቧን ስናስር፣ የበላዬ የሆነው ሰው በእንግሊዝኛ የሆነ ትእዛዝ ሰጠኝ። አልገባኝም። አፍሬ «እሺ» አልኩ። የቆምኩት ግን ገመዱ ሲወጠር ቢበጠስ ተመልሶ የሚገርፍበት ቦታ ላይ ነበር። ሰውዬው ኮሌታዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ብዙም አልቆየ፣ ገመዱ ተበጠሰና እኔ የነበርኩበትን ብረት መታው። ድምፁ እንደ ጥይት ነው። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? «‹አልገባኝም› ብትለኝ ኖሮ ሁለት ደቂቃ ነበር የምትወስድብኝ።» አልጮኸብኝም። ያችን ሁለት ደቂቃ እስካሁን አስባታለሁ።

አንቺ አሁን ያለሽው እዚያ «እሺ» ላይ ነው።

ጀልባ ላይ እንግዳ ሆነሽ የምትሄጂ መስሎሻል። ፎቶው እንደዚያ ያስመስላል። ሁለት ሰው ብቻ ያለባት 11 ሜትር ጀልባ ላይ ግን እንግዳ የሚባል የለም። እሱ መሪውን ሲይዝ ገመድ የምትይዢው አንቺ ነሽ። ወደ መቆሚያው ስትጠጉ ጀልባዋ እንዳትላጭ የጎማ መከላከያዎቹን በጎን የምታንጠለጥዪው አንቺ ነሽ። እሱ አንድ ነገር ቢሆን እርዳታ የምትጠሪውም አንቺ ነሽ። ስለዚህ ካፒቴኑ አብሮት ያለው ሰው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ማወቅ አለበት። ዋና እንደማትችዪ ካላወቀ ቀኑን በተሳሳተ ስሌት ነው የሚያቅደው። ሚስት ለባሏ የልቧን ትንገረው ማለቴ ብቻ አይደለም። የደኅንነት ጉዳይ ነው።

በትዳርም በኩል ቢሆን ዝምታሽን አልወደድኩትም። አንቺን መውቀሴ አይደለም። የስልክ ትዳር እንዲህ ያደርጋል። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ሌሊትና ቀኑ አይገጥምም፣ ያችው አጭር ሰዓት እንዳትበላሽ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ይባላል። እሱም እንደዚያው ያደርግሻል ብዬ እገምታለሁ። ስለ ጀልባዋ ውበት ይነግርሻል እንጂ፣ በብርዱ ከጀልባ ሥር ተኝቶ ሲፍቅ እንደሚውል አይነግርሽ ይሆናል። አንቺ ስትከፍቺለት እሱም ይከፍትልሻል። አራት ዓመት ሙሉ ደህና ደህናውን ብቻ የተነጋገሩ ሰዎች አየር ማረፊያ ላይ ሲገናኙ እንዴት እንደሚተፋፈሩ አይቻለሁ። እናንተ ከአሁኑ ጀምሩት።

ቃሉ ከቸገረሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ውዴ፣ ጀልባዋን በእጅህ እንደሠራሃት ሳስብ እኮራለሁ። አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ዋና አልችልም፣ ውሃም በጣም እፈራለሁ። ቦርከና ልጅ ሲወስድ አይቻለሁ። ከአንተ ጋር መውጣት ግን እፈልጋለሁ። ቀስ ብለን እንጀምር። ‹በቃኝ› ካልኩህ ትመልሰኛለህ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትተዪያት። መልሱን ስሚው። «አዎ» ካለሽ ሂጂ። ቢስቅብሽ ወይም «አይዞሽ፣ ምንም የለውም» ብሎ ቢያልፈው ደግሞ ደግመሽ ንገሪው። እስኪገባው ከመቆሚያው ባትነሱ ይሻላል። እንደጻፍሽልኝ ከሆነ ግን የሚስቅብሽ ዓይነት ሰው አይመስለኝም።

ስለ ፍርሃትሽም አንድ ነገር ልበል። ቦርከና ሰው ሲወስድ ያየ ሰው ውሃ ቢፈራ ትክክል ነው። የወንዛችን ጎርፍ ከላይ ከተራራው በአንዴ ነው የሚወርደው። ድንጋይና ግንድ ይዞ ይመጣል። የምትሄጂበት ውሃ ግን ሌላ ዓይነት ነው። መርከቤ ከፖርትስመዝ ማዶ ባለችው ኖርፎክ ቆማ ስለነበር አካባቢውን አይቼዋለሁ። እንዴት ያለ እንደሆነ ልንገርሽ። ያላወቁት ነገር ያስፈራል፤ ያንቺን ፍርሃት ግማሹን የሠራው ቲክቶክ ይመስለኛል።

መንገዱ «ኢንትራኮስታል ዋተርዌይ» ይባላል። በአሜሪካ የምሥራቅ ዳርቻ፣ ከውቅያኖሱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚሄድ የውሃ መንገድ ነው። ወንዙን፣ ሐይቁን፣ በሰው እጅ የተቆፈረውን ቦይ እያያያዙ ነው የሠሩት። ጀልባ ከውቅያኖሱ ማዕበል ተከልላ እንድትሄድ ማለት ነው። ከኖርፎክ ተነስቶ እስከ ማያሚ ከ1,000 ማይል በላይ ይሄዳል። ማይል ዜሮ የሚባለው ባለቤትሽ ባለበት በፖርትስመዝና በኖርፎክ መካከል፣ ኤልዛቤት ወንዝ ላይ ነው። ቁጥር 36 የተጻፈበት ቀይ ተንሳፋፊ ምልክት አለ። ስታልፉት ያሳይሽ።

ከዚያ እስከ ግሬት ብሪጅ 12 ማይል ገደማ ነው፤ 19 ኪሎ ሜትር በዪው። ከኮምቦልቻ ደሴ ካለው መንገድ ያንሳል። የሐረጎ ዳገትም የለበት። እንዲህ ያለች ጀልባ በዝግታ ስትሄድ በሰዓት 12፣ 13 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው። ከባጃጅ ታንሳለች። ብዙ ቦታ ላይም ማዕበል ሳያስነሱ በቀስታ ማለፍ ግዴታ ነው። የአንዱ ጀልባ ማዕበል የታሰሩትን ሌሎች ጀልባዎች እያላተመ ይጎዳቸዋል፣ ዳርቻውንም ይሸረሽራል። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ እንዳየሽው አፍንጫዋን ቀና አድርጋ እየበረረች አትሄድም። ቢፈልግም አይፈቀድለትም።

ከፖርትስመዝ እንደወጣችሁ የምታዪው መዝናኛ አይደለም። ክሬን ነው፣ መጋዘን ነው፣ ትልልቅ ግራጫ የጦር መርከቦች ናቸው። በቀኝ በኩል በእነሱ አቆጣጠር ከ1767 ጀምሮ ያለው የባሕር ኃይል መርከብ መጠገኛ አለ። የጦር መርከብ አጠገብ ሕጉ ጥብቅ ነው። 500 ያርድ ውስጥ ሲገቡ ፍጥነት በጣም ይቀነሳል፣ ወደ 100 ያርድ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ደግሞ ያለፈቃድ አይጠጉም። ባለቤትሽ ያውቀዋል። እንዳትደነግጪ ነው የነገርኩሽ። ከዚያ ድልድዮች ይመጣሉ። አንዳንዱ ቋሚና ከፍ ያለ ነው፣ አንዳንዱ ለረጅም መርከብ ወደ ላይ ይነሳል፣ የባቡርም አለ። ጥቂት ቆይቶ ዳርቻው አረንጓዴ እየሆነ፣ መንገዱም እየጠበበ ይሄዳል።

ሰባት ማይል ያህል ከሄዳችሁ በኋላ በቀኝ በኩል ሌላ መንገድ ይገነጠላል። እናንተ አትገቡበትም። ግሬት ዲስማል ስዋምፕ ወደሚባለው ረግረግ የሚወስደው አሮጌ ቦይ ነው። ውሃው ከዛፉ ቅርፊትና ከረግረጉ የተነሳ የሻይ ቀለም አለው። ቦዩን ከ1793 ጀምሮ የቆፈሩት በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎች ናቸው። በ1805 ተከፈተ። ያንኑ ረግረግ ደግሞ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች መሸሸጊያ አድርገውት ኖረውበታል። ለትውልድ ትውልድ ማለት ነው። እኔ ያንን መገንጠያ ሳይ መርከበኛነቴ ጠፍቶኝ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር። እናንተም እዚያ ጋ ስትደርሱ ሞተሩን ቀነስ አድርጋችሁ ብታስቧቸው ደስ ይለኛል።

ግሬት ብሪጅ ስትደርሱ አንቺን የሚመለከተው ትልቁ ሥራ ይመጣል። እዚያ የውሃ በር አለ፤ «ሎክ» ይሉታል። ሁለት ትልልቅ በሮች ያሉት የኮንክሪት ክፍል ነው። 183 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ 22 ሜትር ይሰፋል። የሚያገለግለው በአንድ ወገን ያለውን ጨው የተቀላቀለበት፣ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት ከፍ ዝቅ የሚለውን ወንዝ ከወዲያኛው ቦይ ለመለየት ነው። ገብታችሁ ትቆማላችሁ። ከኋላ በሩ ይዘጋል። ውሃው ቀስ ብሎ ከወዲያኛው ጋር እስኪስተካከል ይሞላል ወይም ይጎድላል። ከዚያ የፊቱ በር ይከፈታል። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ጫማ ነው፤ አንድ ሜትር አይሞላም። ሐረጎን የወጣች ሴት ይህን አትፈራም። ገንዘብም አይጠየቅበትም። ሠራተኞቹ ግድግዳው ላይ ቆመው የት እንደምትቆሙ ይነግሯችኋል።

የአንቺ ሥራ ገመድ መያዝ ነው። እባክሽ ይህን በደንብ አንብቢው። ገመዱን አጥብቀሽ አትቋጪው። ውሃው ሲወርድ ጀልባዋ አብራ መውረድ አለባት። ተቋጥሮ ከያዛት ትንጠለጠላለች። ገመዱን ጀልባዋ ላይ ባለው ብረት አንድ ዙር አዙረሽ ጫፉን በእጅሽ ያዢ፣ ውሃው ሲሞላ ሰብስቢ፣ ሲጎድል ልቀቂ። በምንም ምክንያት በእጅሽ ወይም በጣትሽ ላይ አትጠምጥሚው። እግርሽም የገመድ ቀለበት ውስጥ እንዳይገባ። ጀልባዋ ግድግዳ ልትነካ ከሆነ በእጅ ወይም በእግር ልከላከል አትበዪ፤ ቶን የሚመዝን ነገር ነው፣ የጎማው መከላከያ ይችለዋል። ካልገባሽ «አልገባኝም» በይ። እኔ ያላልኩትን አንቺ በይ።

ከሎኩ ቀጥሎ ያለው የመኪና ድልድይ ቀን ቀን በየሰዓቱ አንዴ ለጀልባ ይከፈታል፤ የሎኩም ሥራ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ቢያመልጣችሁ መጠበቅ ነው። አትጣደፉ። እዚያው መቆሚያና ሣር ያለው መናፈሻ አለ። ምሳችሁን እዚያ ትበላላችሁ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1775 በእነሱ አቆጣጠር አሜሪካኖች እንግሊዞችን ድል ያደረጉበት የጦር ሜዳ ነው። ዙህር ሰላትሽንም መሬት ላይ ትሰግጂያለሽ፣ በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ መቸገር የለብሽም። ምሳውን ከዚህ ሰዓት ጋር አስተካክሉት።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። ጀልባዋ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መለማመጃ አለላችሁ። ከፖርትስመዝ ኖርፎክ ወንዙን በጥቂት ደቂቃ የሚያሻግር የሕዝብ ጀልባ አለ። ሰው ለሥራም ለሽርሽርም ይሳፈርበታል። በመጀመሪያው ሳምንት አብራችሁ ተሳፈሩበት። ሄዳችሁ ኖርፎክ አንድ ነገር ጠጥታችሁ ተመለሱ። በማግስቱ ደግሞ የአለቃው ጀልባ እንደታሰረች ውስጧ ገብታችሁ ተቀመጡ። ቡና አፍዪባት። ስትወዛወዝ ገላሽ ይልመደው። እንዴት እንደምትተነፍስ፣ የቱ ጋ እንደምትንቋቋ ስሚ። ከዚያ በኋላ ነው ገመድ የሚፈታው። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ እያለሽ ሐይቅ ድረስ ሄደሽ ታንኳ ልለማመድ ብትዪ፣ ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ልብስ፣ ከሌላቸው እንዳትሳፈሪ። ሐይቅ ጥልቅ ነው።

ላይፍ ጃኬቱን በተመለከተ ክርክር የለም። እዚያ አገር ሕጉ ለእያንዳንዱ ሰው ልኩ የሆነ ጃኬት ጀልባዋ ላይ እንዲኖር ያዛል። ለአዋቂ ሁልጊዜ ልበሱ አይልም። አንቺ ግን መቆሚያው ላይ ሆነሽ ልበሺው፣ ስትመለሱ መሬት ረግጠሽ አውልቂው። የቦዩ ውሃ ብዙ ቦታ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ወንዙ ደግሞ ከዚያ ይጠልቃል። ሦስት ሜትር ተኩል ግን ከቁመትሽ በላይ ነው። ባለቤትሽም ይልበስ። እሱ ዋና ቢችልም ይልበስ። እሱ ከወደቀ አንቺ ዘለሽ ልታወጪው አትችዪም።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ያሳይሽ። አንደኛ፣ ሞተሩን ማርሽ ማውጣትና ማጥፋት። ሰው ውሃ ውስጥ ካለ ጀልባዋን ከሥር እየዞረ የሚገፋት ፕሮፔለር መዞር የለበትም። ሁለተኛ፣ የሚወረወረው ተንሳፋፊ ቀለበት የት እንዳለ። አንዴ እንኳ ወርውሪው። ሦስተኛ፣ ሬዲዮው። ቻናል 16 የጭንቅ ጥሪ ነው። ቁልፉን ተጭነሽ «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ የጀልባዋን ስም፣ ያላችሁበትን ቦታ፣ የሆነውን ነገር። ቃሉን በወረቀት ጽፎ ሬዲዮው አጠገብ ይለጥፍልሽ። በአካባቢው ድልድዩና ሎኩ የሚጠሩት በቻናል 13 ነው፣ ያንን እሱ ያናግራል። እነዚህን ሦስቱን በእጅሽ ሞክረሽ ካየሽ ፍርሃትሽ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። ያ ጎርፍ ሲመጣ የምታደርጊው ምንም አልነበረሽም። ልጅ ነበርሽ። አሁን የምታደርጊው አለሽ።

ለዓይንሽም ሥራ ስጪው። ውሃውን ቁልቁል ስታዪ አትዋዪ። የመንገዱን ምልክቶች ቁጠሪለት። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ቀዩ ባለ ሦስት ማዕዘን ሙሉ ቁጥር ይዞ በቀኝ ይሆናል፣ አረንጓዴው አራት ማዕዘን ጎዶሎ ቁጥር ይዞ በግራ። ስትመለሱ ይገለበጣል። ካርታው ላይ እያየሽ «ቀጣዩ ይሄ ነው» በይው። ለብቻው የሚነዳ ሰው ይህ ትልቅ እርዳታው ነው። ስልክ ላይ አፍጥጦ መቆየትም ያዞራል። እዚያ ውሃ ላይ ማስመለስ ብዙም አያጋጥምም፣ ያም ሆኖ ባዶ ሆድሽን አትሂጂ። ዳቦ ብዪ፣ ዝንጅብል ሻይ ጠጪ፣ ከቤቱ ወጥተሽ ነፋስ ላይ ተቀመጪ፣ ሩቅ ሩቁን እዪ።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ አደጋ አለ። ደሴ ብርድ ላይ ከሰል ለኩሶ፣ በር ዘግቶ መተኛት ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። የሞተር ጭስም ያው ነው። ሽታ የሌለው መርዝ አለው። ሞተሩ እየሠራ ጀልባዋ ቆማ ወይም በጣም ቀስ ብላ ስትሄድ ጭሱ ከኋላ በኩል ይጠራቀማል። ስለዚህ ከኋላ ያለው ዝቅ ያለ መድረክ ላይ አትቀመጪ። ራስ ምታትና ድካም ከተሰማሽ «ውሃው ነው» ብለሽ እንዳትተዪው። ንገሪው፣ ነፋስ ወዳለበት ውጪ። እሱ መካኒክ ስለሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ቀኑን ስትመርጡ አየሩን እዩ። በሐምሌ እዚያ ሙቀቱና እርጥበቱ ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና መብረቅ ድንገት ይመጣል። በእኛ ሰዓት ጠዋት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ላይ ተነሱ። ሰማዩ ከጠቆረ ጉዞው ለሌላ ቀን ይደር። «አለቃዬ የሰጠኝ ዛሬን ነው» የሚል ነገር አይሠራም። ይህንንም አስቀድሞ ከአለቃው ጋር ይነጋገርበት።

ሻርፕሽ ምንም አይሆንም። ጓደኛሽ ያሳየችሽ ጀልባዎች ለፎቶ የተከራዩ ይመስሉኛል። እዚያ ውሃ ላይ የምታገኚያቸው ሰዎች አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ ለብሰው፣ በፀሐዩ ምክንያት ከአንቺ ባልተናነሰ ተሸፋፍነው ታዪያቸዋለሽ። እጅ ያነሱልሻል፣ አንቺም አንሺላቸው። ሻርፑን ግን ጫፉን አስገቢው። የተንጠለጠለ ነገር ገመድ ይይዘዋል። ከረጅም ቀሚስ ሰፊ ሱሪና ረዘም ያለ ሸሚዝ ይሻላል። ጫማሽ ጠፍጣፋ፣ የማያንሸራትት፣ ከሥሩ ቀለም የማይተው ይሁን። ስትንቀሳቀሺ አንድ እጅሽ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይያዝ።

ሽንት ቤት አለ። ይቅርታ አያስፈልገውም፤ እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነበር። መኝታና ማብሰያ ያላት ጀልባ ሽንት ቤት አላት። ጠባብ ነው፣ ማፍሰሻውም እንደ ቤት አይደለም፣ ቆሻሻው ወደ ታንከር ነው የሚሄደው። ወረቀትም ቢሆን ጥቂት ብቻ፣ ሌላ ምንም ነገር አይጣልበትም፤ ከተዘጋ የሚፈታው ባለቤትሽ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ከመነሳታችሁ በፊት ይንገርሽ።

አማትሽን በተመለከተ። የሚሉት ከፍቅር ነው። አንድ ልጃቸው ሩቅ አገር ነው፣ አንቺም ልትሄጂ ነው፣ ፍርሃታቸው ከውሃው ብቻ አይመስለኝም። አትከራከሪያቸው። ቁጭ በይና ይህን የጻፍኩትን አንብቢላቸው። ላይፍ ጃኬት እንደምትለብሺ፣ ልጃቸውም እንደሚለብስ ንገሪያቸው። ከዚያ ዱዓ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቂያቸው። የምትወጡበትን ሰዓትና የምትመለሱበትን ሰዓትም ንገሪያቸው። እዚያም ለአለቃው ወይም ለአንድ ጎረቤት ይኸው ሰዓት ይነገረው፤ ካልተመለሳችሁ የሚጠይቅ ሰው እንዲኖር።

ለመንገድ ቆሎ ከሰጡሽ ይዘሽ ሂጂ። አየር ማረፊያ ላይ ስትገቢ የያዝሽውን ምግብ በሙሉ ተናገሪ፣ ካስመዘገብሽው ጣጣ የለውም፤ አይገባም የሚሉት ነገር ካለም እዚያው ያስቀሩታል። ጀልባዋ ላይ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጊው። የሎኩ በር እስኪከፈት ስትጠብቁ ሁለታችሁም የምትቆረጥሙት ነገር ይኖራችኋል።

ከተመለሳችሁ በኋላ ጻፊልኝ። በመቆሚያው ብቻ ቀርታችሁም ቢሆን ጻፊልኝ። አሁን ግን ስልኩን አንሺ። እዚህ ሲመሽ እዚያ ገና ከሰዓት ነው፤ ከሥራ እስኪወጣ ጠብቂው።